ሁለት ልጅ፣ ሁለት በር

ወይ ጉድ! ይህቺ መኪናሽ አሁንም ትሰፋለች? ድምጿ ራሱ አልተለወጠም እኮ። ያኔ ለልጄ የሙሽራ ልብስ ስትሰፊላት ልክ እንዲህ ነበር የምትንጣጣው። ታድለሻል። አሰብሽ፣ ለሥራሽ የሚሆነውን መርጠሽ ገዛሽ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ታገለግልሻለች። ሰው ሁሉ መኪና ሲገዛ እንዳንቺ ቢያስብ... ተይው። የስፌት መኪና ማለቴ ነው።

በይ ለኪኝ። ትራሶቹን አይተሽ አትሳቂ፤ ሁለቱንም ሆዴ ላይ እሰሪልኝ። ልብሱ ለልጄ ነው፤ መንታ ማርገዟን ሰምተሻል። እሷ ውጭ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል። ስንት ሳምንት ጎኗ እንዳላረፈ የማውቀው እኔ ነኝ፣ አልቀሰቅሳትም። ስለዚህ ለዛሬ እርጉዟ እኔ ነኝ። ያንን ትራስ ትንሽ ወደ ግራ... እንደሱ። የሚራገጠው የግራው ነው ትላለች። የለም የለም፣ ወደ መስኮቱ አትሂጂ፤ መኪናውን ኋላ ታዪዋለሽ።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው የልጄ ባል ነው። ያመጣን እሱ ነው። ይስማ! የማወራው ስለ ሌላ ሰው፣ እሱን ምን አገባው? አይዞህ ልጄ፣ አንተን አይደለም! ... አየሽ፣ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ አስጠጋ። ማንበብ ይወዳል።

አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። ስም አልጠራም፤ ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። እኚህ ሰው ጨዋ ናቸው፣ ለባሽ ናቸው፣ ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ መስታወቱ ይደክመዋል እንጂ እሳቸው አይደክማቸውም። ሠርግ ፎቶ ያነሳሉ። አዎ፣ እንደ አማቼ። አጋጣሚ ነው።

የእሳቸውም ሚስት መንታ ነው ያረገዘችው። ሐኪሟ ሆዷን በማሽን እያየች “ሁለት ናቸው” ስትላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “አንዱን ለሚቀጥለው ማቆየት አይቻልም?” እንዴት ያሉ አርቆ አሳቢ! ሌላው ወንድ ይደነግጣል፣ እሳቸው መፍትሔ ነው የፈለጉት።

ከዚያ “መኪና እገዛለሁ” አሉ። ሚስትየዋም አስረግጣ ነገረቻቸው። “ከፍ ያለ ይሁን፣ ጎንበስ ብዬ መግባት አልችልም። የኋላው ሁለት የሕፃን ወንበር ይያዝ። አራት በር ይኑረው። እናቴም አብራን ትሄዳለች።” ይሄ ምን ይከብዳል? “ገብቶኛል” አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ገብቶኛል ሲል አምናለሁ፤ ሞኝ ነኝ። ማለቴ... የሚስትየዋ እናት ሞኝ ናት። በጣም ደግ ሴት ናት ይባላል።

ደግሞ አልዋሽም፣ ሰውየው ለፍተዋል። ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ገዝተው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ የሕፃን ኮፍያ አጥልቀውላቸው ከአንዱ መኪና ሻጭ ወደ ሌላው ዞሩ። የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ቀበቶ ያስሩላቸዋል፣ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ይነዱና ዞር ብለው “ተመቻችሁ?” ይላሉ። ሐብሐብ ምን ይበል? ... የትኛው አባት ነው እንዲህ የሚጠነቀቅ? አንዱ ፍሬን ሲያዝ ወድቆ ተሰነጠቀ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ አሉ። አባት ናቸዋ! ከዚያ... በሉት።

ከዚህ ሁሉ ጥናት በኋላ ቀይዋን አዩ።

በሯ ሁለት፣ ወንበሯ ሁለት። የኋላ ወንበር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ወደ መሬት ከመጠጋቷ የተነሳ ድመት እንኳ በሥሯ ለማለፍ ሁለቴ ታስባለች። ጣሪያዋ ግን ይከፈታል። ሻጩ “ወጣት ታደርግዎታለች” አላቸው፤ ሌላ ምን ይጨምር? የተረፈውን ሐብሐብ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ክላክሱን እያስጮሁ ቤታቸው ደረሱ።

ሚስትየዋ በረንዳው ላይ ቆማ አየች፣ አየችና “የት ነው የምንቀመጠው?” አለች። እሳቸውም ረጋ ብለው፣ እንደሚያስተምር ሰው፣ “ሁለት ልጅ፣ ሁለት በር” አሉ። አማትየው “እናትየውስ?” ብትላቸው... “ጣሪያው ይከፈታል።” እውነታቸውን ነው እኮ፣ ይከፈታል። አስልተውታል! የኔ አማች እንኳ እንዲህ አያስብም። አይደል ልጄ? ... አልሰማኝም። ገጽ እየገለጠ ነው።

ሚስትየዋ ትዕግሥተኛ ናት። “እስቲ እንሞክራት” አለችና ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። መግባቱንስ ገባች። መውጣት ግን ከየት ይምጣ! እሳቸው እጇን ይጎትታሉ፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ እሳቸውን ይጎትታል፣ አልተነሳችም። ጫማዋ ብቻ ወጣ። እሳቸው ምን አሉ መሰለሽ? “ወንበሩ ምን ያህል ቢመቻት ነው አልነሳም ያለችው!” አየሽ፣ ሁሌ መልካም መልካሙን ማየት? አዋላጇ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የመንታዎቹን የልብ ምት እዚያው በመኪናው በር አዳመጠች። ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ ጣሪያውን ከፈቱ፣ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች አንሶላ አምጥተው በብብቷ ሥር አሳለፉላት፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ባልዲ ወደ ላይ ሳቧት። ጣሪያው ለካ ለዚህ ኖሯል! አስልተውታል አላልኩሽም?

እስከዚያ ድረስ እሷም ትስቅ ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ጣሪያው አልዘጋ አለ። ቢጫኑት፣ ቢደበድቡት፣ እምቢ። የነበራቸው አንድ ጃንጥላ ነው... ዘረጉት። ለማን? ... እስቲ ገምቺ። እሷ አንሶላ እንደለበሰች፣ በአንድ እግር ጫማ ቆማ ዝናቡ ይወርድባታል፤ እሳቸው ጃንጥላውን ለወንበሩ ይዘውለታል። የቆዳ ወንበር ነዋ፣ ውሃ አይወድም። ሰው ምን ይሆናል? ይደርቃል! እሷ ታክሲ ያዘችና እናቷ ቤት ሄደች። እናትየው ልብሷን እየቀየረችላት ሳለ “እማዬ፣ አላየኝም እኮ” አለቻት። ሰደበኝ አላለችም፣ ገፋኝ አላለችም። አላየኝም...

ኧረ አልወጋሽኝም። ስፒሉ አይደለም። ቀጥይ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው በየቀኑ መጥተው አማትየው ደጃፍ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። እሷም ደግ ናት ብዬሻለሁ፤ ብቅ ትልና “ግቡ እንዳልል ያለን ወንበር ሁለት ብቻ ነው” ትላቸዋለች። በትሕትና።

ትናንት ግን ቀይዋን በሌላ ለውጠው መጡ። ሚስትየዋ ያለችውን አንድም ሳይቀር ያሟላ መኪና! ከፍ ያለ? ከፍ ያለ። ሰፊ? ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል። በር? አራት ቢባሉ፣ ከኋላ ሌላ ትልቅ ጨምረው አመጡ። አነዳዱ ለስላሳ፣ አያንገጫግጭ፤ እስከ ዛሬ ተንገላታሁ ብሎ ያማረረ ተሳፋሪ የለም። ... ገባሽ? የአስከሬን መኪና ነው። ጥቁር፣ ከነመጋረጃው! ቀብር አስፈጻሚው ቀይዋን ሲያይ ልቡ ሄደ፣ ተለዋወጡ። አሁን ወጣት ሆኗል አሉ።

“ቤተሰቡን በሙሉ ይይዛል” አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ምን ጥርጥር አለው? ዛሬ ነገ ይባል ይሆናል እንጂ፣ ሁላችንንም ይይዛል።

አማትየው ልትጮህ አፏን ስትከፍት ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ዝናብ ወዲህ ጥርሷ ታይቶ አያውቅም ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እስኪያማት ሳቀች። እሳቸው አብረው አልሳቁም። የኋላውን በር ከፈቱት። ለካስ ፍራሽ አንጥፈውበታል። ከእንጨት የተሠራ መወጣጫ ከውስጥ አወጡና እግሯ ሥር አኖሩላት፣ እጇን ያዙና “ጎንበስ እንዳትዪ” አሏት። ይህቺን ብቻ። ወጣች፣ ጋደም አለች፣ ወዲያው አንኮራፋች። አማትየውስ? ... ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን ተናፈጠች አሉ። ጉንፋን ይዟት ይሆናል።

አሁን የመስኮቱን መጋረጃ ግለጪ። አየሻት፣ ልጄን? አዎ፣ ጥቁር ነው። አጋጣሚ! ስንመጣ መንገዱ ሁሉ ቆሞ አሳለፈን። ትራፊኩ ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ሽማግሌ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ጠጋ ብለው “ነፍስ ይማር፣ ማን ናት?” ሲሉ ልጄ በተኛችበት ተገላበጠች... ያንን ሩጫ በዚያ ዕድሜያቸው ከየት አመጡት? እኔን ደግሞ አማቼ “እርስዎ ለጊዜው ከፊት ይቀመጡ” አለኝ። ለጊዜው! ሰምተሻል? አክባሪ ልጅ ነው።

በይ ወገቡን ለቀቅ አድርጊው፣ ትራሶቹን ፍቺልኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ። መኪናው ውስጥ የሚያንኳኳው ማነው? ... ነቃች! አየሽው? ጋዜጣውን ጥሎ ሮጠ። መወጣጫውን አወረደላት። ቀስ በይ ልጄ፣ ያዛት፣ ደግፋት... እንደሱ። ኑ ግቡ፣ ሁለታችሁም።

ስለዚያ ስለማውቃቸው ሰው እያወራን ነበር። ክፉ አልመኝላቸውም፣ ለምን ብዬ? አንተም ስለ ሌላ ሰው ነውና ልጄ፣ አፍህን ሞልተህ አሜን በል። ሚስታቸው በሰላም ትገላገል። ቤታቸው ሳቅ አይጣ። ለዚያች ደግ እናትም ፈጣሪ ጤናና ትዕግሥቱን ይስጣት... ሦስቱንም ልጆች ያሳድግላት።