የአቶ ባበከር ናፍጣና የእኔ ኮከቦች

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን አሶሳ ስሠራ፣ የትምህርት ቢሯችንን ጀነሬተር የሚይዙት አቶ ባበከር ነበሩ። ናፍጣው በመከራ ስለሚገኝ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁታል። እኔ ደግሞ አዲስ መምህራንን በየትምህርት ቤቱ የሚደለድል ትንሽ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ሥራውን ሲጀምር ታዲያ ስክሪኑ ጠቁሮ ዝም ይላል። አቶ ባበከር ብቅ ብለው ያዩና «ይሄ ተኝቷል፤ ናፍጣ ለምን ይቃጠላል?» ብለው ጀነሬተሩን ያጠፉብኛል። ድልድሉ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል፤ መምህራኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ አንድ ትምህርት ቤት በተደለደለ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ኮከብ እንዲጻፍ አደረግሁ። «ኮከቦቹ እዚህ ጫፍ ሲደርሱ ድልድሉ አለቀ ማለት ነው» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የሸርቆሌ ትምህርት ቤት ደረሰ?»

«እየደረሰ ነው።»

መሃል ላይ ጀነሬተሩ ሲያንገራግር ሮጠው ሄደው ለነገ ያስቀመጡትን ናፍጣ ጨመሩበት። የመጨረሻው ኮከብ ሲጻፍ ተጨባበጥን። ድልድሉን ላትም ፕሪንተሩ ውስጥ ወረቀት ሳስገባ ግን መብራቱ ጠፋ። አቶ ባበከር እጃቸውን እየጠረጉ ገቡ።

«ማተሙ ይቀረኝ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«አለቀ አላልክም፣ ልጄ?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ደግነቱ ድልድሉ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ጀነሬተሩን አስነሱልኝና አተምኩ። በማግስቱ ከኮከቦቹ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «አቶ ባበከር፣ ገና ነው።»