ቤታችን ሙሉ ነው

የዶን ናሲም ሙት ዓመት የታሰበው በአንድ የሰኔ እሑድ ነው። የከሰዓት በኋላው ቅዳሴ እንዳበቃ እህታቸውን ዶኛ አፊፌን ሳልሰናበት ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቄያቸው ስለነበር ዓይናቸውን ማየት ከብዶኝ ነበር። ሰው እንዳላገኝ ዙሪያ ዞሬ ስሄድ፣ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ዝናቡ ዶፍ ሆነና ያገኘሁት ታዛ ሥር ገባሁ። ቀና ብዬ ሳይ ለካ የቆምኩት ከሸሸኋቸው ሴት መደብር በር ላይ ኖሯል። በደቡብ ቺሊ ትንሽ ከተማ ውስጥ ከሰው መሸሽ እንዲህ ነው።

ከዚያው ታዛ ሥር ሬናቴ ሽቬንኬ ቀድማኝ ቆማለች። ቅድመ አያቶቿ ከጀርመን የመጡ፣ በቫልዲቪያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ተምራ የተመለሰች፣ የጀርመኖቹ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ናት። ገና ሰላም ሳንባባል በሩ ተከፈተ።

“ሰው በሬ ላይ ቆሞ እየረጠበ ዝም ብዬ ልይ?” አሉ ዶኛ አፊፌ። “ኢቬት፣ አንቺ ደግሞ እንደ ሌባ ሹልክ ብለሽ ጠፋሽ። ግቢ! አንቺም ግቢ፤ ጀርመን ዝናብ አያሟሟውም ቢባልም ግቢ።”

“ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ዶኛ አፊፌ። ወለሉን አበላሽብዎታለሁ።”

“ይህ ወለል አርባ ዓመት የገበሬ ጭቃ ጠጥቷል። ግቢ አልኩሽ!”

መደብሩ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡ ሁለት ጣቃ ጨርቆች ብቻ ቀርተዋል። ከኋላ ወዳለው ወጥ ቤት ገብተን የእንጨት ምድጃውን ከበን ተቀመጥን። ዶኛ አፊፌ በቆስጣ የተጠቀለለ ሩዝ አቀረቡልን። እኛ ዐረቦች ሩዝ የምንጠቀልልበት የወይን ቅጠል በደቡቡ ብርድ ስለማይገኝ እናቶቻችን በቆስጣ መጠቅለል ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ድስቱ ለአሥር ሰው የሚበቃ ነበር። ለማን እንደተሠራ አልጠየቅሁም።

ሬናቴ ጥቂት ከበላች በኋላ ሹካዋን አስቀመጠች። “እውነቱን ልንገርዎት፤ ዝናቡ ምክንያት ሆነኝ እንጂ እርስዎ ዘንድ ልመጣ ካሰብኩ ሰንብቻለሁ። በእኛ ማኅበር ብቻውን የሚኖር አዛውንት ሁሉ ትርፍ ቁልፉን ለአንድ ጎረቤት ይሰጣል። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በመንገዱ በኩል ያለውን መጋረጃ ይገልጣል። ካልገለጠ ጎረቤቱ መጥቶ ያንኳኳል፤ መልስ ካጣ ከፍቶ ይገባል። በሳምንት አንዴ ደግሞ ገብቶ ይጎበኛል። ዘንድሮ ጀርመን ላልሆኑም እንዲፈቀድ ተወስኗል። የመጀመሪያዋ እርስዎ ቢሆኑ ብዬ ነው።”

ዶኛ አፊፌ ከልባቸው ሳቁ። “ጉድ እኮ ነው! እናንተ ሰዎች ሞትንም እንደ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ታስፈርሙታላችሁ?”

“ሞትን ሳይሆን ሕይወትን ነው፣ ዶኛ አፊፌ።”

“ቁልፌን ለባዳ ሰጥቼ ‘ልጅ አልወለድኩም’ ብዬ አዋጅ ላስነግር? ልጆቼ ሆርሄና ፋሪድ ምን ሊባሉ ነው?”

“ልጆችዎን ማን ወቀሰ? እኔ የምለው፣ አንድ ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ቢወድቁ ማን ያያል?”

“እኛ ዐረቦች ብቻችንን አንወድቅም። የኛ ቤት ሙሉ ነው። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል።” ወንበራቸውን ወደ ሬናቴ አስጠጉ። “ይልቅ ስሚኝ፤ የተማርሽ ስለሆንሽ አነጻጽሪው። ያንቺ ቅድመ አያቶች ከመርከብ ሲወርዱ መንግሥት መሬት፣ ጥማድ በሬና ምስማር ይዞ ጠበቃቸው። አባቴን የጠበቀው የአያትሽ ውሻ ነው። መርፌ፣ ክርና ማበጠሪያ የሞላ ሣጥን በጀርባው አዝሎ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ‘እመቤት፣ ርካሽ ነው!’ ይል ነበር። ስሙ ቡትሮስ ነው፤ እነሱ ‘ቱርኩ’ አሉት። ከቱርክ አገዛዝ ሸሽቶ የመጣ ዐረብ ቱርክ ተብሎ ሞተ!”

“አያቴ ውሻውን እንደለቀቀ አልካደም” አለች ሬናቴ ፊቷ ቀልቶ። “ግን መሬቱ ብቻውን አላበላንም፤ ጫካ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት አሥራ ሁለት ቤተሰብ ድንቹን በአንድ ጎተራ አከማቸ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሳይኖረው ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ክሊኒኩም፣ የእሳት አደጋ ጓዱም፣ ማኅበሩም በመዋጮና በደንብ የመጣ ነው። ሰው ሀብታችን መሬት ይመስለዋል፤ ግማሹ ደንብ ነው።”

“እኛስ ደንብ አልነበረንም? ያልተጻፈ ነው እንጂ ነበረን። አባቴ ወንድሙን አስመጣ፤ ወንድሙ የአጎቱን ልጅ አስመጣ። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የተኛው ከዚህ ባንኮኒ ሥር ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ዘመድ ሳምንት ሳይሞላው ቤት ነበረው። እናንተ ማኅበር ያስፈለጋችሁ ዘመድ ስለማትወዱ ነው!”

ሳቄ አመለጠኝ። ሬናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። “ይህስ እውነት ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ዘንድ ርስቱ እንዳይቆራረስ ለአንዱ ልጅ ይሰጣል፤ የቀሩት አኩርፈው ይሄዳሉ። አያቴና ወንድሙ በአንድ አጥር ምክንያት ሠላሳ ዓመት አልተነጋገሩም። አያቴ የአራት ማኅበር አባል ነው፤ አብሮት የሚስቅ ሰው ግን የለውም።”

“አየሽ!”

“ሲሞት ግን በሰዓቱ የሚያገኘው ሰው አለው።”

ዶኛ አፊፌ ድስቱን ያለ ምክንያት ከፍተው መልሰው ከደኑት። “የልጆቹንስ ነገር? እናንተ ዛሬም ላም ታልባላችሁ። ከዚህች መንገድ ብቻ አራት ሐኪም፣ ሁለት ጠበቃና አንድ መሐንዲስ ወጥቷል። ሁሉም ሣጥን ያዘለ ሰው የልጅ ልጅ ነው!”

“የት ነው የሚኖሩት?”

“ሳንቲያጎ።”

“ሁሉም?”

“መሐንዲሱ ከዚያም ርቆ አንቶፋጋስታ ነው” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። መሬት ባለቤቱን ይዞ ያስቀራል፤ ትምህርት ግን ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል። እኛ ልጆቻችን ከባንኮኒ እንዲላቀቁ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ ሲላቀቁ ከባንኮኒው ኋላ ማን እንደሚቀር አላሰብንም። በዘመድ የቆመ ቤት ምሰሶው ሰው ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ምሰሶው አብሮ ይሄዳል። የጀርመኖቹ ደንብ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው ሲሄድ ግን እሱ ይቀራል።

ይህን ሳሰላስል ስልኩ ጮኸ። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሆርሄ የሚደውልበት ሰዓት ነው። ዶኛ አፊፌ ብድግ አሉ፤ መጀመሪያ የሄዱት ግን ወደ ስልኩ አይደለም። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ሬዲዮ ከፍተው፣ የሰው ድምፅ ወጥ ቤቱን እስኪሞላው ድረስ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ስልኩን አነሱ።

“ማነው? ሆርሄ? ጮክ በል ልጄ፣ አይሰማኝም! ቤቱ ሙሉ ነው! ኢቬት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ምኑ ቅጡ… ኧረ እንዳትመጣ! ሥራህን ሥራ! ደግሞስ የት ላስተኛህ፣ አልጋው ሁሉ ተይዟል!”

ከራሳችን በላይ አራት ክፍል አንሶላ ያልለበሰ አልጋ ነበር። ስልኩን ዘግተው ሬዲዮውን አጠፉ። “ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው” አሉ፣ ሳያዩን።

ዓይኔ ሬዲዮው ላይ ቀረ። እናት ነኝ፤ ክፉ ክፉው ቀድሞ ይታየኛል፤ ልጅ አሥር ደቂቃ ከዘገየ በሐሳቤ ቀብሬው እመለሳለሁ። ይህ ግን ሐሳብ አልነበረም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

“አክስቴ” አልኳቸው፤ በሥጋ ባይዛመዱኝም ሁላችንም አክስት ነው የምንላቸው። “ስለ ዶን ናሲም አሟሟት የነገርንዎት ውሸት ነው።”

“ተኝቶ ነው የሞተው። ጠዋት ተገኘ።”

“የተገኙት ጠዋት ነው። የወደቁት ግን ከሦስት ቀን በፊት ነበር፣ ከከተማው ዳር ባለው ቤታቸው ደረጃ ሥር። በሩ ሲሰበር እዚያ ነበርኩ። ሐኪሙ ቶሎ ቢደረስላቸው ይድኑ ነበር አለ። ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይጮህ ነበር። ጎረቤታቸው ‘ሦስት ቀን የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ የቱርኮቹ ቤት መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል ብዬ ተውኩት’ አለ። ልጃቸው ደግሞ ቀብሩ ላይ ‘እሑድ ስደውል ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር’ እያለ ሲያለቅስ ሰምተውታል። እርስዎ ያኔ ሐዘን ያስቀባጠረው መስሎዎት ነበር።”

ዶኛ አፊፌ አልጮሁም፤ ፊታቸው ብቻ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አየሁት። “አንቺስ? ሰኞ ሰኞ በዚያ በኩል አይደል የምታልፊው?” አሉኝ።

ዓመት ሙሉ የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነበር። “አለፍኩ። በመስኮቱ ድምፅ ሰማሁ። እንግዳ አላቸው፣ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ አለፍኩ።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

“ምን ነበር የሚያወራው?” አሉ በመጨረሻ። “ሬዲዮው።”

“የከብት ገበያ ዋጋ።”

“ናሲም ከብት አይወድም ነበር” አሉና ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

ሬናቴ ያን ሰዓት ቅጽ ብታወጣ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በተበላሸ ነበር። እሷ ግን የተማረችውን ትታ እጃቸውን ያዘች። ጀርመን ሳይጠየቅ የሰው እጅ ሲይዝ ያየሁት ያን ቀን ነው።

“ቁልፉን የምሰጠው ለማን ነው?” አሉ ዶኛ አፊፌ ከሽርጡ ውስጥ።

“ለዶኛ ኤርና። ከመንገዱ ማዶ ናቸው።”

“ያቺ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ክንድ ጨርቅ ያልገዛችኝ?” ፊታቸውን ገለጡ። “እሺ። ግን እኔም የምለው አለኝ። ቤቴ የገባ ሰው ቆሞ አይወጣም፤ ተቀምጦ ይበላል።”

“ደንቡ ለአንድ ቤት አሥር ደቂቃ ነው የሚለው…”

“ደንቡ ቆስጣ በልቶ አያውቅማ! ሁለተኛ፣ እናንተ ብቻ እኔን የምታዩኝ ከሆነ ምጽዋት ነው፤ አልቀበልም። እኔም የማየው ቤት ስጡኝ።”

“ጎብኚ ከሰባ ዓመት በላይ መሆን አይችልም ይላል።”

“እንግዲያው ፋቁት።”

ጀርመኖቹ አንዷን መስመር ለመፋቅ ሦስት ስብሰባ ፈጀባቸው፤ ግን ፋቁት። ዛሬ በዝርዝሩ ላይ ሠላሳ አንድ ሰው አለ፤ ዘጠኙ የእኛ ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ወገባቸው ተሰብሮ ወለል ላይ ወድቀው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተገኙ፤ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። አንዲት የእኛ ሴት ከምድጃ ጭስ ተርፈዋል። ዶኛ ኤርና ለአሥር ደቂቃ ብለው ገብተው እስከ ምሳ ይቆያሉ። ሁለቱ ሴቶች አርባ ዓመት ፊት ለፊት ሲኖሩ አንዳቸው የሌላቸውን ወጥ ቤት አይተው አያውቁም ነበር። ዘመድ መውደድ መልካም ነው፤ ዘመድ ሲርቅ ግን ደንብ ያስፈልጋል። ደንብም መልካም ነው፤ የሚቀርብ ነገር ከሌለው ግን ይበርዳል። ከሁሉ የከፋው በውሸት የሞላ ቤት ነው፤ ከውጭ ያለው አይገባም፣ ከውስጥ ያለው አይጠራም።

ሆርሄ በሚቀጥለው እሑድ ደውሎ፣ “ዛሬ ማን አለ?” አላቸው። “ማንም የለም። ዝናብ ነው” አሉት። በመስከረም ለቺሊ የነጻነት በዓል ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሦስት ሌሊት አደረ። ከዚያ አራቱ ክፍሎች እንደገና ባዶ ሆኑ። ብቸኝነት ቀረ ብዬ አልዋሽም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ ነው የምለው።

አብሮኝ የሚኖረው አንድ ልጄ ኤሚሊዮ በመጋቢት ወደ ኮንሴፕሲዮን ሄደ፣ ሊማር። ቁልፌን ይዤ ማኅበሩ ዘንድ ስሄድ ሬናቴ፣ “ኢቬት፣ ገና አርባ ሰባትሽ እኮ ነው” ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ስሜን ጻፈችው። ልጄ እሑድ እሑድ ይደውላል። “እማማ፣ ማን አብሮሽ አለ?” ይለኛል፤ ምላሴ ውሸቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ልጁ ፈተናውን በሰላም እንዲያጠና።

“ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ” እለዋለሁ። “ግን ነገ በሁለት ሰዓት መጋረጃዬን የሚያይ ሰው አለ።”