ኔይ አሪቲታና በሰሌን ተጠቅልላ የሄደችው ልጃቸው

ከደቡብ ጫፍ በእግር፣ ከሰሜን ጫፍ በጀልባ መጥታችሁ በዚህ ማኔአባ፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ጣራ ሥር የተቀመጣችሁ ወገኖች፣ የኔይ አሪቲታን ኑሮ ከልደታቸው እስከ ዕረፍታቸው እናነባለንና የምታስሉ አሁኑኑ አስላችሁ ጨርሱ፤ ኋላ ለማልቀስ ጉሮሮ ያስፈልጋል።

ኔይ አሪቲታ ከአባታቸው ከቴን ታባካና ከእናታቸው ከኔይ ሮታ በዚሁ በኖኑቲ ደሴት፣ በቴካራዋ መንደር፣ የዛሬ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ተወለዱ። ሲወለዱ ጩኸታቸው ከመበርታቱ የተነሣ በሐይቁ መካከል የነበሩ ዓሣ አጥማጆች መርከብ መጣ ብለው መረባቸውን ጥለው እንደ ተመለሱ ይነገራል፤ የሚጠራጠር ካለ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉም ሞተዋልና ሄዶ ይጠይቃቸው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ከደናግሉ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደልንና ትምህርተ ክርስቶስን ተምረው፣ በተለይም መቁጠሪያ በመድገም እንዲህ ከመፍጠናቸው የተነሣ፣ ሌላው አንዱን ዐሥር ሳይጨርስ እሳቸው አምስቱንም ደግመው ለሰነፎቹ ብድር ይሰጡ ነበር።

በሃያ ዓመታቸው ከኮኮናት አናት ጣፋጩን ውሃ እየቀዳ የሚኖረውን ቴን ኡሪያምን በቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን በቁርባን አግብተው፣ በሰላምና በዓሣ አጥንት ጠብ ብቻ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲኖሩ ማኅፀናቸው ዝም አለ። በእመቤታችን ሐውልት ፊት ከመንበርከካቸው ብዛት ወለሉ ተሰርጉዶ ዝናብ ሲዘንብ ዶሮዎች ይጠጡበት እንደ ነበር በዐይናችን ያየን ነን። ሴቶቹም ሰሌን እየሠሩ፣ “አሪቲታ፣ እመቤታችን ፊትሽን ማየት ሰልችቷታል፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ጀርባሽን አሳያት!” ብለው ሲተርቧቸው፣ እሳቸው፣ “የሰለቻትስ የናንተ ምላስ ነው፤ እኔማ ዝም ብዬ ነው የማለቅስላት” ይሉ ነበር።

በእኛ ዘንድ በሆድ ሳለ የተለመነ ልጅ አይከለከልምና፣ የቴን ኡሪያም ያጎት ልጅ ሚስት ኔይ ብዌብዌ በሰሜን ጫፍ አምስተኛዋን ማርገዟ ሲሰማ፣ ባልና ሚስት ከጉድጓዳቸው ትልቁን ጎደሬ ነቅለው ሄደው ለመኑ፤ ተሰጣቸውም። ልጅቱ ጡት ስትተው ወላጅ እናቷ በሠራችው ሰሌን ላይ ተኝታ መጣች፤ ስሟም ካኦታን ተባለ። ልጅ ከመጣበት ሰሌን ጋር ተመልሶ ወላጆቹ ደጅ ከደረሰ ተመለሰ ማለት እንደ ሆነ፣ ከዚያም ወዲያ ክርክሩ የሽማግሌ እንጂ የእናት እንዳልሆነ የማያውቅ በዚህ ደሴት የለም።

ሌላም ሕግ አለ፤ የማደጎ ልጅ ተበድሎ ሲያለቅስ የሰማ ዘመድ መጥቶ ይወስደዋል። ስለዚህም ኔይ አሪቲታ ልጅቱ ከንፈሯን ባጣመመች ቁጥር አዝለዋት ወደ ባሕሩ ዳር እየሮጡ፣ ማዕበሉ ድምፅዋን እንዲውጥላቸው አምስት ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ የረገጡት መንገድ ጭነት መኪና ያሳልፋል። አባ ፔራቶ ታዝበው፣ “አንቺ ሴት፣ ታልቅስ እንጂ! ልጅ አይደለች?” ቢሏቸው፣ “አባ፣ እርስዎ ልጅ የለዎትም፤ የሚወስድብዎም የለም” ብለው መለሱላቸው። በቀን ዓሣውን ከአጥንት ለይተው ያጎርሷታል፤ ሲመሽ በመቁጠሪያው ፍሬ ቁጥር ያስተምሯታል፤ ኮኮናት ዛፍ ላይ ሆኖ የሚዘፍነውን ባላቸውንም፣ “ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ተኝታለች!” ይሉታል፤ እሱም ከላይ፣ “ዛፉን ነው የማባብለው፣ እሷን አይደለም!” ይላል። ሣቅ የነበረበት ቤት ያ ነበር።

ልጅቱ በሰባተኛ ዓመቷ ላይ ሳለች ዝናብ ለሁለት ዓመት ተከለከለ፤ የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆነ፤ ጎደሬው ቢጫ ሆነ። ካኦታንም በተቅማጥና በትኩሳት ተይዛ ቆዳዋ እንደ ደረቀ ቅጠል ሲሆን፣ የጤና ረዳቱ ተመልክቶ፣ “እዚህ ካደረች እሑድን አታይም፤ ከዋናው ደሴት ከታራዋ ሐኪም ቤት ትድረስ” አለ። በደሴቱ ላይ ነዳጅ ያለው ጀልባ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሰሜን ጫፍ፣ የወላጆቿ ነበር። ኔይ አሪቲታም ልጅቱን ከተኛችበት ሳያነሧት ከነሰሌኑ ጠቅልለው፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው ሌላውን ባላቸው ይዘው፣ ከመንደር መንደር አሸዋውን እየሮጡ፣ ወሽመጡን እስከ ወገባቸው እየተሻገሩ ደረሱ። በዚያ ሁሉ መንገድ ስንት ጊዜ “ሰላም ላንቺ ይሁን” እንዳሉ መላእክት ይቁጠሩት፤ የተሸከሙት የትኛውን ሰሌን እንደ ሆነ ግን አንዴም አላሰቡም።

የወላጆቿ ሽማግሌ ቴን ቤያ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየና፣ “ሰሌኑ መጣ” አለ።

“አባቴ፣ ልጅቱ ታማለች፣ ጀልባው—”

“ሰሌኑን ነው የምልሽ፤ መልሰሻታል ወይስ አልመለስሻትም? ካልመለስሻት ማኔአባ ተቀምጠን ይነገር፤ የሰው ልጅ በእኛ ጀልባ ጭነን፣ ብትሞትብን ማን ይጠየቃል?”

ማኔአባ ከተቀመጠ ሦስት ቀን እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያው ቀን ለሰላምታ ብቻ ነው። ባሕሩ ደግሞ መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ ከሸሸም ጀልባ ደሴቱን ከከበበው የኮራል ድንጋይ በላይ አያልፍም። ቴን ኡሪያም፣ “ሰሌኑን ያመጣነው ተሳስተን ነው!” ሊል አፉን ሲከፍት ኔይ አሪቲታ በእጃቸው ከደኑትና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ “መልሻለሁ። ልጃችሁ ናት። ጀልባው ይሂድ” አሉ። ጀልባውም ሄደ። ኔይ ብዌብዌ ልጅቱን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ኔይ አሪቲታ ውሃው ደረታቸው እስኪደርስ ተከትለው ገብተው ቆሙ፤ ልጅቱም በዚያ ድካሟ “እማ!” ብላ አለቀሰች፤ ማዕበሉም በዚያ ቀን ድምፅዋን አልዋጠላቸውም።

ካኦታን ዳነች፤ ከወላጆቿ ጋር በዚያው በታራዋ ቀርታ አድጋ ነርስ ሆነች። “ያቺ ሴት ለምን ሰጠችኝ?” ብላ በጠየቀች ቁጥር፣ “ስትታመሚ ሰለቸሻት፤ መለሰችሽ” ተባለች። ይህን ያለችው ኔይ ብዌብዌ ዐርፋለችና አንወቅሳትም፤ እሷም ልጅ ሰጥታ ዐሥር ጊዜ ያለቀሰች እናት ነበረች፤ ዳግመኛ እንዳታጣት ፈርታ ነው። ቴን ኡሪያም ግን በንዴት ታራዋ ሄዶ እውነቱን ሊናገር ሲነሣ ኔይ አሪቲታ በመቁጠሪያቸው አስማሉት፤ “እስትንፋሴ እስካለ አትንገራት። አሁን አንዷን እናቷን ጠልታለች፤ ሁለቱንም ከጠላች የት ትገባለች?” አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ልጅ እንዲለምኑ ቢመከሩም እምቢ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን እየጠረጉ፣ የሰውን ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን እያዘጋጁ፣ በባዶው ቤት ለሦስት ሰው እየቀቀሉ ኖሩ። በአንድ የፍልሰታ በዓል ካኦታን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከእንግዶች ጋር መጥታ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ተገናኙ። “ደህና ነሽ ልጄ?” አሉ። “ደህና ነኝ፤ ልጄ ግን አይበሉኝ፤ የመለሱትን ዕቃ የኔ አይሉትም” አለቻቸው። መንደሩ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ መንደሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር፤ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። ኔይ አሪቲታም፣ “እሺ፣ እመቤቴ” ብለው ጎንበስ አሉና አለፉ።

ኋላም የስኳር በሽታ መጀመሪያ ዐይናቸውን፣ ከዚያም ግራ እግራቸውን ወስዶ፣ አራት ዓመት ከተኙ በኋላ በመጨረሻው ሳምንት ስሟን ሲጠሩ በሬድዮ መልእክት ተላከ። መርከቡ ዘገየ፤ አባም፣ ልጅቱም ሳይደርሱ፣ ባለፈው ዐርብ ንጋት ላይ መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ቴን ኡሪያም አንሥቶ ሳመውና፣ “መሐላዬ አለቀ፤ ጻፉ” አለን።

እነሆ ጻፍን። እህታችን ካኦታን፣ ትናንት ከመርከብ ወርደሽ ከእንግዶች ጋር በዳር የተቀመጥሽው፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቷል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በታች “አንዲት ልጃቸውን” በሚለው መስመር ላይ ሦስት ቀን ተከራክረው ነበር፤ መስመሩ ግን አልተፋቀም።

ኔይ አሪቲታ ባለቤታቸውን ቴን ኡሪያምን፣ ታናሽ እህታቸውን ኔይ ራብዋን፣ አንዲት ልጃቸውን ነርስ ካኦታንን፣ ዐይተዋቸው የማያውቁ ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ዐርፈዋል። ጌታ ሆይ፣ ነፍሳቸውን ከእናትህ ከማርያም አጠገብ አኑርልን፤ እሷ ልጅ ሲወሰድባት ቆማ አይታለችና ቋንቋቸውን ታውቃለች። አይተን ዝም ላልነው ለእኛ ግን ዕረፍት አንለምንም፤ ልጃቸው ይቅር እስክትለን ድረስ አታስተኛን። አሜን።