የምንሽር ርግጫና የሙሽራ ትከሻ

ገሊላ ከመሐል ሜዳ ወደ ወላጆቿ ቤት የሚወስደውን አቀበት ስትወጣ፣ አባቷ አቶ ወዳጆ ምንሽር ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ጎረቤታቸውን አቶ በኃይሉን አስከትለው ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ላይ ተገናኙ። ገሊላ በከተማው ነርስ ናት። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ስለ ነበር ጉልበት ስማ ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሯል።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«እጮኛሽ የላካቸው ሽማግሌዎች ዘንድ ነዋ! ሰርጉ ቀርቷል ልላቸው። በኃይሉም ምስክሬ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአቶ ወዳጆ ቤት፣ ሴት ልጅ ከመዳሯ በፊት እጮኛው በዘመድ ፊት ትከሻውን ገልጦ የአያትየውን ምንሽር ይተኩሳል። ጋቢ መደረብ ነውር ነው። ዓይኑ ከተርገበገበ ወይም እግሩ ከተናጋ፣ «ያልጠና» ተብሎ ይመለሳል። የገሊላ እጮኛ ታዲዮስ የዘመሮ መምህር ነው፤ ከጠመኔ ሌላ ጨብጦ አያውቅም። እሑድ ዕለት ተኮሰ፤ ምንሽሩ ረግጦት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። የቤቱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነበር። ይህን ፈተና ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም፤ ለመጠየቅ የደፈረም አልነበረም።

«ስለ አንድ እርምጃ ትዳሬን ሊያፈርሱ ነው?» አለች ገሊላ።

«የጠመንጃ ርግጫ ያልቻለ የትዳርን ሸክም ይችላል?»

«ትዳር ርግጫ ከሆነ እኔም ይቅርብኝ! ጫንቃው የተላጠ በሬ ሲያዩኮ ቀንበሩን በጨርቅ ይጠቀልሉለታል፤ አዝነውለት። የሰው ልጅ ትከሻ ሲበልዝ ግን ይስቃሉ። ደግ ነው ይሄ?»

«አባቴ በዚሁ ምንሽር ሲተኩስ ዓይኑ አይርገበገብም ነበር።»

«ማን አየው? ያኔ ሰው ሁሉ የሚያየው ኢላማውን ነው እንጂ የሳቸውን ዓይን አይደለም።»

አቶ በኃይሉ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ ወዳጆ ግን ተቆጡ፤ «ተማርኩ ብለሽ አያትሽን ልትሳደቢ!» አሉ።

«አልተሳደብኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ ቀኝ እጅዎን ወደ ኮትዎ እጅጌ የምታስገባልዎት ማን ናት?»

«እናትሽ። ብርድ ነው የያዘኝ።»

«ብርድ ቀኙን ብቻ መርጦ ነው? በቀኝዎ የቆመ ሰው ሲያናግርዎስ ለምን ዞረው ይሰማሉ? ትከሻዎንም ጆሮዎንም የበላው ይኸው የሚኮሩበት ብረት ነው። አምና በጅብ ላይ ተኩሰው የመቱት የራስዎን ሙክት አልነበረም?»

ይህን መናገሯ በደካማ ጎናቸው መግባት ነበር። ሰው ስህተቱን ሳይሆን ያስታወሰውን ይጠላልና አቶ ወዳጆ ጥርሳቸውን ነከሱ። «ጠመንጃው አርጅቶ ነው!» አሉ።

«እንግዲያስ እንየው። ከማዶ ያለውን ነጭ ድንጋይ ይምቱልኝ፤ ከጀርባው ገደል ነው፤ ሰውም ከብትም የለበትም። ምንሽሩን አቀባብዬ የምሰጥዎት ግን እኔ ነኝ፤ እርስዎ ዞር ይላሉ። ጥይት ላጎርስበትም ላላጎርስበትም እችላለሁ። ጋሼ በኃይሉ ደግሞ ድንጋዩን ትተው የእርስዎን ፊት ይዩ።»

አቶ ወዳጆ እልህ ያዛቸውና ተስማሙ። ገሊላ ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ምንሽር ስትወለውል ያደገች ናትና አያያዙን ታውቃለች። የመጀመሪያው ጥይት ነበረበት፤ ከድንጋዩ በታች አፈር አቦነነ። «ነፋስ ነው» አሉ አባት። ለሁለተኛው አቀባብላ ሰጠቻቸው። ምላጩን ሳቡ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። ነገር ግን ምንም ሳይተኮስ ዓይናቸው ተጨፈነ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ተወረወረ፣ አፈሙዙም ወደ መሬት ደፋ አለ።

«ወዳጆ!» አሉ አቶ በኃይሉ በድንጋጤ። «ባዶውን ፈራኸውኮ!»

አቶ ወዳጆ ምንሽሩን መልሰው ለገሊላ ሰጧት። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው፤ አሁንም ያው ሆነ። ምንሽሩን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ፈሪ ነኝ?» አሉ፤ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ።

ገሊላ አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን አልለቀቃትም። «አይደሉም። ሥጋ የተመታውን አይረሳም፤ ምላጩ ሳይሳብ ምቱን ይጠብቃል። የእርስዎ ሥጋ ዘመኑን ሙሉ ሲጠብቅ ኖረ፤ የታዲዮስ ደግሞ ገና አዲስ ነው። አንዱ ትከሻ ብዙ ይችላል፣ ሌላው ትንሽ፤ ይህ የአጥንትና የልምድ ጉዳይ እንጂ የወንድነት አይደለም። እናንተ ግን ሕመምን ችሎ ዝም ማለትን ጀግንነት አላችሁት። እስኪ ምን አተረፋችሁበት? የማይነሳ ክንድና የሞተ ሙክት!»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር ባና ሸምኖ አገር ያለብሳል፤ ለገዛ ትከሻው ግን ይነፍጋል። ከአሮጌ ባና እጥፍ አድርገው ሰደፉ ላይ ይስፉበት። ሰደፉን ከትከሻ ሳያርቁ አጥብቀው ይያዙ፤ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፤ ጆሮዎን ይድፈኑ፤ ሲያምዎ ይተዉ። ያን ጊዜ ዓይንዎ ክፍት ይሆናል፤ ጅቡም ይመታል፤ በጉም ይተርፋል። ሰውን በርግጫ መፈተን ግን ዛሬውኑ ይቅር።»

«ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም» አሉ አቶ በኃይሉ ለማብረድ።

አቶ ወዳጆ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡና፣ «ዘመሮ ሄጄ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቀው?» አሉ።

«ድንጋይ የሚችል ትከሻ የለዎትም። ግን የሳቃችሁበት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።»

አቶ ወዳጆ ምንሽሩን ለአቶ በኃይሉ አሸክመው መንገዳቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ ቀጠሉ፤ ገሊላም ከኋላ ተከተለች። እንደ ደረሱም ሳይቀመጡ፣ «ልጁ ተኩሶ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ እኔ ሳልተኩስ ሸሽቻለሁ። ስቄበታለሁና ይቅር ይበለኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ።