ለእማ መጭመቂያ ይገዛላት?

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ማን? … ሶጆ! አንተ ነህ እንዴ? ይሄ የማን ቁጥር ነው? … እ፣ የጓደኛህ። እኔማ የማላውቀው ቁጥር ሳይ ዕቃ ግዙ የሚሉት ሰዎች መስለውኝ ልዘጋው ነበር።

— አይ፣ አልተኛሁም። በምን ጊዜዬ? ልብስ እየተኮስኩ ነው። … የጎረቤታችንን የቡ ቱሚራን የልጅ ልጆች ዩኒፎርም። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የመስጊዱ መጋረጃ አለ። … ኧረ አልታመምኩም፣ ድምፄ ነው። ሲመሽ እንዲህ ይሆናል። … እማ? ደህና ናት። ጓሮ ነበረች፣ አሁን ገባች። ይሰማሃል? … ስቅታ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልለቅ ብሏታል። ውሃ ሰጠኋት፣ ስኳር አላስኳት፣ ከኋላዋ መጥቼ «ባ!» አልኳት። እሷ ዞር ብላ አየችኝ፣ የደነገጠችው ድመቷ ናት።

— እማ፣ ሶጆ ነው! … አዎ፣ ከባታም። … ቆይ አገናኝሻለሁ፣ መጀመሪያ እኔ ላውራው። … ተቀመጪ ግድ የለሽም፣ ሩዙን እኔ አየዋለሁ።

— እሺ ወንድሜ፣ በል። … ምን መጭመቂያ? … የጁስ። … ፋብሪካችሁ በር ላይ? … እ። … እህ። … ካሮቱን ከነቅጠሉ? … ወይ ጉድ። … አየህ ሶጆ፣ በር ላይ ቆሞ የሚሸጥ ሰው ማስገባቱን ነው የሚያሳይህ። ማጠቡን አያሳይህም። … አሳይቷል? እንዴት አድርጎ? … ባልዲ ውስጥ ነክሮ አወጣው። እሱ ማጠብ ነው እንዴ? እሱ ማጥመቅ ነው።

— ስማኝ። የቡ ቱሚራ ልጅ ከሰማራንግ እንዲህ ያለውን አምጥታላቸው የለ? … አዎ፣ ነጩ። ጉልበታቸውን ያመማቸው ሰሞን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲፈታታ ጠረጴዛ ይሞላል። ወንፊቱ ደግሞ ቀዳዳው ከመርፌ ዓይን ያንሳል፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚፈገፈገው። ወዲያው ካላጠብከው እንደ ሲሚንቶ ይደርቅብሃል። ጉንዳኑን ልተውልህ። አንድ ዘንቢል ፍሬ አስገብተህ የምታገኘው አንዲት ብርጭቆ ናት። የቀረው አተላ ነው። … አተላ ነዋ፣ ሌላ ምን ልበለው? ለዳክዬዎቻቸው እንሰጠው ነበር፣ ኋላ ዳክዬዎቹም ፊታቸውን አዞሩ። … አሁን? አሁን ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ ፎጣ ለብሶ። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገለጣል።

— ዋጋውን አልጠየቅኩህም። … አልጠየቅኩህም እኮ! አትንገረኝ፣ ባውቀው እንቅልፌን ነው የማጣው። … ይሁን እሺ፣ ርካሽ ነው። ርካሽ መሆኑ ያጥበዋል?

— ደግሞስ የቤታችንን መብራት ረሳኸው? ካውያውን ስሰካ የሩዝ ማብሰያውን እነቅላለሁ። የውሃ ፓምፑ ሲነሳ ካውያውን እነቅላለሁ። ያንተ ማሽን ስንት ይበላል? … ይኸውልህ። እሱ ሲሰካ ቤቱ ጨለመ ማለት ነው። እኔ ውጪ ወጥቼ ብሬከሩን ሳነሳ እማ ደግሞ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ «ሶጆ የላከው ማሽን እንዴት ያለ ኃይለኛ መሰላችሁ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። … አትሳቅ። ትላለች፣ ታውቃታለህ።

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ተቆራረጥክብኝ። ከዚያ ጫጫታ ራቅ በል እስቲ። … አሁን ይሻላል።

— አይደለም፣ ላስከፋህ ብዬ አይደለም። ማሰብህ ደግ ነው። … አውቃለሁ ሶጆ። ሰው ሩቅ ሲሆን ዕቃ መግዛት ያምረዋል። እኔም ብሆን ያምረኝ ነበር። እዚህ ሆኜ ግን የሚያምረኝ በጊዜ መተኛት ብቻ ነው። … እሺ። እሺ፣ ቅር አይበልህ። ለምኑ ነው ግን? ሁልጊዜ ፍሬ ማኘክ ነው ደስ የሚላት። ምን ልትጨምቅበት ነው? … ምን?

— … ብሊምቢንግ።

— … ለደም ግፊቷ። ማን ነገረህ? … አጎት ሱራትማን። እሱማ ይናገራል። ለእሱ ብሊምቢንግ የማያድነው በሽታ እዚህ ደማክ ውስጥ የለም፣ ሻጩም እሱ ነው። … አዎ፣ ቪዲዮውን ለእኔም ልኮልኛል። ፍሬውን ኮከብ ኮከብ አድርጎ ቆርጦ ሳህን ላይ ደርድሮታል። ለማየት ያምራል።

— ሶጆ፣ ቆይ ልውጣ። … እማ፣ ካውያውን እንዳትነኪው፣ ትኩስ ነው! … እሺ፣ ልብስ ማስጫው ጋ ነኝ። ዛሬ ራሴ ልደውልልህ ነበር። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወስጄያት ነበር። … እግሯ ስላበጠ። ደሟን አዩላት። … ኩላሊቷ ነው። … ደክሟል አሉ። ማነው ያልደከመ ብዬ ልቀልድ አስቤ ነበር፣ ነርሷ ፊት ላይ ቀልድ የሚቀበል ነገር አጣሁ። … አይ፣ እጥበት ገና አላሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ ሆስፒታል ሂዱ ተብለናል። … ቆይ፣ ልጨርስልህ። ነርሷ አንድ ነገር አጥብቃ ነግራናለች። ብሊምቢንግ አንዲትም እንዳትቀምስ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መርዝ ነው አለች። … እኔም እንዳንተው «መርዝ?» ነበር ያልኩት። ሌላ አገር ሰው ቢለኝ እስቅበት ነበር። ልጅቱ ግን የዚሁ የደማክ ልጅ ናት፣ የአባቷ ጓሮ ሙሉውን ብሊምቢንግ ነው።

— ቤት የነበረውን ሁሉ ያን ቀን አከፋፈልኩት። እማም «እሺ ልጄ፣ ነርሷ ካለች» አለች። … እና ገባህ ለምን እንደፈራሁት? ማጠቡም መብራቱም ይቅር። ማሽኑ ከአንተ ከመጣ ትጠጣበታለች። ባለፈው ለዒድ የላክኸው ጫማ ጠቧት ቀኑን ሙሉ እያነከሰች ቤት ለቤት ስትዞር ዋለች እኮ። «ልጄ ነው የላከልኝ» እያለች። እኔ ደግሞ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ስዘፈዝፍ …

— ሄሎ? … ሶጆ? … ምን? ድገመው። … በየቀኑ? … በየቀኑ እጠጣለሁ አለችህ? … መቼ ነው የምትጠጣው? … ጠዋት ጠዋት። እኔ ገበያ ስወጣ። … በእጇ? … ፈጭታ በጨርቅ እየጠመዘዘች። … እና ጣቶቿን ስላመማት፣ አንተ በማሽን ይቅለላት ብለህ። … እሺ። … እሺ፣ ገባኝ። አንተ ምን አጠፋህ? ኩላሊቷን አላወቅክ። … ጨርቁን እኮ አይቼዋለሁ! ጉንዳን ወሮት፣ እኔው ራሴ አጥቤ አሰጣሁት። ይኸው ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል።

— እማ! … እማ፣ ብሊምቢንግ ጠጥተሻል? … ዛሬም? … ከየት አምጥተሽ? … ከቡ ቱሚራ አጥር። … ነርሷ ከልክላሽ የለም እንዴ? … ኧረ በአላህ!

— ሶጆ፣ ምን እንደምትለኝ ልንገርህ? ነርሷ የከለከለችኝ ፍሬውን ነው፣ እኔ ፍሬውን አልበላሁም፣ ውሃውን ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ፍሬውንማ ለዳክዬዎቹ ሰጥቻለሁ ነው የምትለኝ። … ከልቧ ነዋ! አጥፍቻለሁ ብላ አይደለም፣ እንዲያውም የተጠነቀቀች መስሏታል።

— ቆይ። … አንዴ ዝም በልልኝ። … ስቅታው። … ሶጆ፣ ስቅታው! ስንወጣ በር ላይ ነርሷ ይዛኝ ነግራኛለች። ከበላች በስቅታ ነው የሚጀምራት፣ ያኔ እንዳታሳድሯት ብላኛለች። እኔ ቤት ውስጥ ፍሬው የለም ብዬ … ብርድ ነው ብዬ … ስኳር አላስኳት።

— እማ፣ ተነሽ። ሻሽሽን አድርጊ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን። … አሁን። … ነገ አይሆንም። … ለያሲን ጸሎቱ የምትጋግሪው ቂጣ ይቅር፣ ሌላ ሰው ይጋግርላቸዋል። … ምን ይላሉ? ምንም አይሉም። … እማ!

— እምቢ አለች። … «በስቅታ ሆስፒታል ሄደች ተብሎ እስከ ጁምዓ ሊሳቅብኝ ነው» ትላለች። ምንጣፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። … ልጎትታት እንዴ? … ሶጆ፣ የኔ ድምፅ ለእሷ እንደ ፓምፑ ድምፅ ነው። ሲቆም ብቻ ነው የምትሰማው። አንተ ንገራት። … እኔ እንጃ ምን እንደምትላት! የፈለግከውን በላት። ብቻ ከዚያ ምንጣፍ ላይ አስነሳልኝ። … ይኸው፣ ሰጠኋት።

— ያዢ እማ። … በቀኝ ጆሮሽ፣ በዚያኛው አይሰማሽም። እኔ ጎረቤት ፓክ ካስቢን መኪና ልለምን።

— ፓክ ካስቢ! … ፓክ ካስቢ፣ ቤት ነዎት? … መኪናዋ ባዶ ናት? … ሳጥኖቹን ያውርዱልኝ እባክዎ፣ እማን ሆስፒታል ያድርሱልን። … ስቅታ ነው። … አዎ፣ ስቅታ ነው ያልኩት! አይሳቁ ፓክ ካስቢ፣ ፊቴን ይዩት። … አላህ ይስጥልኝ። ከፊት ነው የምትቀመጠው፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። … ኧረ አንዱን ሳጥን ይተዉልኝ፣ እሱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ለእኔ አያስቡ።

— … ሄሎ፣ ሶጆ፣ እኔ ነኝ። … ተነሳች እኮ! ሻሿን እያሰረች ነው። ጥሩውን፣ አበባ ያለበትን። ምን ብለሃት ነው? … ምን? … ሻጮቹ የሐኪም ወረቀት ካላዩ ማሽኑን አይልኩም አልካት? … ኩላሊት ታይቶ። ማህተም ተመትቶ። … አንተ ውሸታም! ይሄን አሁን ነው የፈጠርከው? … «ልጄ ከደከመበት በኋላ በእኔ የተነሳ እንዳይከለክሉት» እያለች ጫማዋን ትፈልጋለች። ኩላሊትሽ ስላት ያልተነሳችው ሴት!

— አልተቆጣሁም። … ሳቅም አይደለም፣ ምን እንደሆነ እንጃ። … እደውላለሁ። በዚህ ቁጥር? … እሺ። … አዎ፣ ብሊምቢንግ መጠጣቷን ስሟን ከመናገሬ በፊት እነግራቸዋለሁ። … በጊዜ ደርሰንላት እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ፣ ሶጆ። አላውቅም። ቀና ብላ ትሄዳለች፣ ታወራለች። የማውቀው ይሄን ነው።

— እና ሶጆ … ግዛው። … መጭመቂያውን። … አዎ፣ እኔው ነኝ የምልህ። ከተመለሰች በር በሩን ነው የምታየው። ካልመጣ ዋሽቶኛል ትላለች፣ ከዚያ አንተንም እንደ እኔ አትሰማህም። ከሁለታችን አንዱን መስማት አለባት። … ምን እንደሚጨመቅበት ሐኪሞቹን እጠይቃለሁ። ምንም አይፈቀድም ካሉ ምንም አንጨምቅበትም፣ እንዲሁ ትየው። … ትንሹን ግዛ። ወንፊቱ ሰፋ ያለውን። … እኔ ነኛ የማጥበው፣ ሌላ ማን አለ?

— መጣን ፓክ ካስቢ! … ካውያውን ነቅያለሁ? ነቅያለሁ። … እማ፣ በእኔ ተደገፊ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። … አይ፣ በደንብ ያዢኝ። … ሶጆ፣ ልዝጋው በቃ። ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።