ከኖራው መስመር ውጭ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ታክ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሜዳ ባልንጀሮቼ፤

ይህን የአሳማ ጥብስ ቤት ለእኔ መሸኛ ብላችሁ፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ስለያዛችሁት አመሰግናለሁ። ቤቱ ያለው በር አንድ ነው። በሩ ሥር የተቀመጡት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። አጋጣሚ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤዝቦል የጀመርኩት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ልብሴን ጠቅልላ የቡድኑ ማደሪያ አደረሰችኝና «ለአንድ ዓመት ብቻ ሞክረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋው ተቀያይሯል፤ ማደሪያው ያው ነው።

ሯጭ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ሆዴን እያያችሁ የምትስቁ ወጣቶች፣ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ከባለቤቴ ከኦክ-ራን ጋር ወደብ ከተማዋ ሞክፖ ወርደን የዓሣ ሾርባ ቤት ልንከፍት ተሰናዳን። የያኔው አለቃ ጠሩኝና አረቄያችንን ሶጁ ቀዱልኝ። «ሦስተኛው ማዕዘን ላይ የሚቆም አሠልጣኝ አጣን። ለአንድ ዓመት ብቻ።»

ታላቅ የቀዳውን ማን ይመልሳል? በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ታላቅ ፊት ሲጠጣ እንደ ወጉ ፊቴን አዙሬ ጨለጥኩት። ቀና ስል በኖራ መስመር ታጥሬ ቆሜያለሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ክንዴን ሳሽከረክር ሯጩ ይሄዳል፤ መዳፌን ስዘረጋ ይቆማል። ሌላው ሁሉ አጠገቤ ዞሮ ወደ መነሻው «ቤት» ይገባል፤ እኔ ከመስመሩ አልወጣም። በየፀደዩ ውድድሩ ሲከፈት ለገድ ብለን የአሳማ ጭንቅላት ፊት ስንሰግድ፣ ፈገግ ያለውን አሳማ በቅናት አየው ነበር። እሱስ በየዓመቱ ይቀየራል!

ለሯጮች በድብቅ የምሰጠው ምልክት ደም ሥሬ ውስጥ ገብቷል። በአማቴ ሙት ዓመት ጆሮዬን አክኬ፣ ቀበቶዬን ሳስተካክል፣ ይኸው እዚህ የተቀመጠው ሯጫችን ዱ-ሆ ጫማውን ሳያደርግ ከቤት ፈተለከ።

«አንተ! ወዴት ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጋሼ፣ ሩጥ አሉኝ እኮ!»

«ቀበቶዬ ጠቦኝ ነው!»

«ታዲያ በልክዎ አይገዙም?»

ኦክ-ራን ያን ዕለት ስቃለች። ዛሬ ጠዋት ግን አልሳቀችም። ሾርባ ቤቱን ተከራይታለች፤ ድስቱም ተጥዷል። «ስማ፣ ዘንድሮም ብርጭቆ ይዘህ ከቀረህ፣ ክንዴን የማሽከረክረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ሚስት መቼ እንደምትቀልድ፣ መቼ እንደማትቀልድ ለማወቅ ቤት ውስጥ ብዙ መኖር ያስፈልጋል። እኔ አልኖርኩም።

ታዲያ ቅድም ስገባ ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ይዘው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ የእርስዎ ተተኪ ሐሳቡን ቀየረ። ለአንድ ዓመት ብቻ።» ይህንንም ብርጭቆ ቀዱልኝ። እስካሁን ፊቴ ተቀምጧል፤ እናንተም ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምታዩት።

አልደብቃችሁም፤ እጄ ሁለት ጊዜ ሊያነሣው ሄዷል። ገመድ ቢሆን ይበጠሳል፤ ይሉኝታ ግን በምን ይበጠሳል?

እዚህ ቆሜ ስቀባጥር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራ አስኪያጃችን አለቃዬ ናቸው፤ በዕድሜ ግን ታናሼ ናቸው። ስለዚህ ይህን ብርጭቆ ወደ ጎን አድርጌ፣ በሌላ ብርጭቆ እኔ እቀዳለሁ። ዱ-ሆ፣ ጠርሙሱን ወዲህ በል። ይህ የመሰናበቻዬ ነው፤ የጠጣው አሰናበተኝ ማለት ነው።

ጓዶቼ፣ ጉልበታችሁ ይጽና። ትከሻችሁ አይክዳችሁ። የምትወዱት ሰው ሳይሰለች ይጠብቃችሁ፤ እናንተም ሳያረጅ ድረሱለት። ሞክፖ ለመጣ ሾርባው የእኔ ነው፤ ሶጁ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይቀዳል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከበሩ ተነሥተው በሁለት እጅዎ ይቀበሉኝ። ጎሽ፣ ተባረኩ! አሁን እንደ ወጉ ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው እስከ ጭላጩ ይጠጡ።

ቀስ ብለው ይጠጡ። እኔ ጫማዬን አላወለቅሁም።