ስለ ማግንሂልድ ሪስቫል መውደቅና ስለ ልጇ ስለ ሲቨርት የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ቶርዲስ ኡርሄይም
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ኖርዌይ፣ ክቫልሆልም ደሴት፣ የወደብ መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኖቬምበር 7 ቀን 2023
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፖሊስ ኦድቫር ሚርላንድ

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ምስክር የተጠራሁት ሩናር ሪስቫል የተባለው ግለሰብ በአክስቱ ልጅ በሲቨርት ሪስቫል ላይ ባቀረበው አቤቱታ ምክንያት መሆኑ ተነግሮኛል። አቤቱታው ሲቨርት እናቱን ገፍትሮ ጥሏታል፣ ከወደቀችም በኋላ እርዳታ ሳይጠራ ወለል ላይ ትቷታል የሚል ነው። እኔ የማውቀው እንደሚከተለው ነው።

የሲቨርት እናት ማግንሂልድ የቅርብ ጎረቤቴ ናት። ሲቨርት ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሲሆን ኦቲዝም አለበት። ቃላት አያበዛም፤ ሰው ሲነካው አይወድም፤ ስልክ ሲጮኽ ጆሮውን ይይዛል። ቀን ቀን ከቤታቸው ሥር ባለው የጀልባ ማስቀመጫ ውስጥ መረብ ይጠግናል። ምግቡንም ልብሱንም የምታሰናዳለት እናቱ ብቻ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠውን የድጋፍ አገልግሎት ጠይቃ አታውቅም። እኔ ብዙ ጊዜ "ኧረ ጠይቂ፤ መብቱ እኮ ነው" ብያታለሁ። እሷ ግን "አንዴ በሩን ከከፈትኩላቸው ይወስዱብኛል" ትላለች። ይህን የምትለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ሲቨርት የነበረውን ታናሽ ወንድሟን ልጅ ሳለ ከተማ ወዳለ ማቆያ ወስደውት እዚያው ሞቷል። እንደዚያ ያሉት ማቆያዎች ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ለእሷ ግን የትናንት ያህል ነው።

ኦክቶበር 14 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ድንች እየቀቀልኩ ሳለ ሲቨርት ሳያንኳኳ ወጥ ቤቴ ገባ። በጉርብትና ስንኖር ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ጫማ አላደረገም፤ ካልሲው በዝናብ ርሷል። "ወለሉ ቀዝቃዛ ነው" አለ። የእኔን ወለል መስሎኝ "ታዲያ በካልሲ ማን ና አለህ?" አልኩት። ያንኑ መልሶ አለ። ከዚያ ምድጃዬን አጠፋው። ተናድጄ "አንተ! ምን ነካህ? ገና አልበሰለም እኮ!" ብዬ መልሼ ለኮስኩት። እንደገና አጠፋውና ሄዶ በሩ ጋ ቆመ። ፊቱ ላብ በላብ ነበር። ያን ጊዜ ነገር እንዳለ ገባኝና ካፖርቴን እንኳ ሳልደርብ ተከተልኩት።

ማግንሂልድ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። ከራሷ ሥር ትራስ አለ። የቤቱ ብርድ ልብስ ሁሉ፣ የሲቨርት የክረምት ጃኬት ጭምር፣ ላይዋ ላይ ተደርቧል። አጠገቧ ስትሮ ያለበት የውኃ ብርጭቆ ነበር። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው "ማን ጠራሽ?" ነው። "ልጅሽ" ስላት ዓይኗን ጨፈነች።

አምቡላንስ ጠርቼ፣ የአምቡላንሱ ጀልባ እስኪደርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠዋት ታጥባ ስትወጣ አዳልጧት እንደወደቀች፣ ሲቨርት ያን ጊዜ መረቡ ጋ እንደነበረና ጩኸቷን ሰምቶ እንደመጣ ነገረችኝ። ክንዶቿ በልዘው ስለነበር ስጠይቃት፣ እሱ ሊያነሳት ይዞ ሲስባት ነው አለችኝ፤ ስትጮኽ ወዲያው ለቋታል። እርዳታ ያልተጠራውም እሷ ስለከለከለች ነው። "ለማንም እንዳትደውል፣ ትንሽ ቆይቼ እነሳለሁ አልኩት" አለችኝ።

"አብደሻል እንዴ? ዳሌሽ ተሰብሮ?"

"ሲመጡ፣ እሱን ማን ይጠብቀዋል ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያስ?" አለች።

ሲቨርት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። "አልደወልኩም" አለ። እናቱም "አዎ የኔ ጌታ፣ አልደወልክም" አለችው።

በማግስቱ እሁድ ሩናር ሐኪም ቤት አክስቱን አይቶ ወደ ደሴቱ መጣ። ለሲቨርት ምሳ ይዤ ስሄድ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። "ይሄ ሰውዬ ሊገድላት ነበር እኮ! ግማሽ ቀን ሙሉ ወለል ላይ አጋድሟት!" አለኝ። ያየሁትን ነገርኩት። "አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ? ነገ ተነስቶ ቤትሽን ቢያቃጥልብሽ ደስ ይልሻል?" አለ። "እሱ እንኳ ምድጃ አጥፍቶ ነው የሚወጣው፤ ያንተን አላውቅም" አልኩት። ድምፃችን ከፍ ሲል ሲቨርት ከውስጥ መጋረጃውን ዘጋ። ሩናር ማግንሂልድ ስትወድቅም ሆነ ስትነሳ በቦታው አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤቱ ለማዘጋጃ ቤቱ አስታውቆ ቱሪድ የምትባል የድጋፍ አገልግሎት አስተባባሪ መጣች። ማግንሂልድ በስልክ ስለለመነችኝ እኔም ተገኝቻለሁ። ቱሪድ የጠየቀችው እኔን ሳይሆን ሲቨርትን ነው። ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ አንድ ነገር ትጠይቅና ዝም ትላለች። ዝምታው ረዝሞብኝ እኔ ልመልስለት ስል "ይቆዩ፤ እያሰበ ነው" አለችኝ። እውነትም መለሰ። ቤት ድረስ የሚመጣ ረዳት ሊኖረው እንደሚችል፣ ከፈለገም ሠራተኞች ቅርብ በሚሆኑበት ሕንፃ የራሱን ቤት እንደሚያገኝ፣ የመረብ ሥራው እንደማይቀር፣ እሱ ሳይፈቅድ ማንም ወደየትም እንደማይወስደው አስረዳችው። እኔም የተረዳሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ማግንሂልድን "ጠይቂ" ስላት ምን እንደምትጠይቅ በውል አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከቱሪድ ጋር ሐኪም ቤት ሄድን። ማግንሂልድ ዳሌዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ገና ሳንቀመጥ "ወሰናችሁ አይደል?" አለች።

"የወሰነው እሱ ነው" አለች ቱሪድ። "የራሱን ቤት መርጧል። ቁልፉን የሚይዘው ራሱ ነው። እሁድ እሁድ እርስዎ ጋ መብላት ይፈልጋል።"

ማግንሂልድ ወደ እኔ ዞራ "በአፉ አለ?" አለችኝ። "በአፉ። ሁለት ጊዜ" አልኳት። "እኔ እኮ ጠይቄው አላውቅም" ብላ አለቀሰች። እያለቀሰችም "ሸሚዝ መተኮስ እንኳ አላስተማርኩትም" አለች። ቱሪድ "እኛ እናሳየዋለን" አለቻት።

ዛሬ ቃሌን በምሰጥበት ጊዜ ማግንሂልድ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። ረዳቱ በየቀኑ እየመጣ ነው፤ ሲቨርት በሚቀጥለው ወር ወደ ቤቱ ይገባል።

መርማሪው የምጨምረው ነገር ካለ ስለጠየቀኝ ይህን አመለክታለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ሁላችንም ስንጠየቅ ሲቨርት እስካሁን አልተጠየቀም። ይጠየቅ። ቱሪድ አብራው ትሁን፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን፤ ማንም አይንካው፤ ከጥያቄውም በኋላ ጊዜ ይሰጠው። ይመልሳል።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ብቻ ነው። መርማሪው ካነበበልኝ በኋላ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቶርዲስ ኡርሄይም
የመርማሪ ፊርማ፦ ኦድቫር ሚርላንድ